ሕጎቹን በወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ

እዚህ ሊድስ የማታ ትምህርት ስማር አንድ የታሪክ ድርሰት ታዘዝን። ጥያቄው «ከ1906 እስከ 1914 እ.ኤ.አ. ብሪታንያን የመራው የሊበራል መንግሥት ለድሆች የሚጠቅሙ ሕጎችን ለምን አወጣ?» ይላል። ቀላል መስሎኝ አንድ ቅዳሜ ቁጭ ብዬ ጨረስኩት። ድህነቱ፣ ጦርነቱ፣ ጀርመን፣ የሠራተኞቹ የሌበር ፓርቲ ማደግ እያልኩ ደረደርኩ። መምህሬ ስትመልስልኝ ከሥሩ «ይህ የአስቤዛ ዝርዝር እንጂ መልስ አይደለም» ብላበት ነበር።

ተናደድኩ። ሁለት ቀን ደብተሩን አልነካሁትም። በሦስተኛው ቀን ያደረግኩት ነገር የልጅ ጨዋታ ይመስላል፤ ሕጎቹን በቁራጭ ወረቀት፣ ምክንያት ያልኳቸውን ደግሞ በሌላ ወረቀት፣ ሁሉንም ከነዓመታቸው ጽፌ ወጥ ቤት ጠረጴዛው ላይ በተራ ዘረጋኋቸው።

መጀመሪያ የተናጋችው ጀርመን ናት። የጀርመኑ መሪ ቢስማርክ የሕመም መድንን በ1883፣ የእርጅናውን በ1889 ስላወጣ የብሪታንያ ጡረታ ከዚያ የተቀዳ ነው ብዬ ጽፌ ነበር። የብሪታንያ የገንዘብ ሚኒስትር ሎይድ ጆርጅ ግን የጀርመንን አሠራር ሊያይ የሄደው በነሐሴ 1908 ነው፤ የጡረታው ሕግ ያኔ ጸድቆ አልቋል። አሠራሩም አይመሳሰልም። የጀርመኑ ሠራተኛ ከደመወዙ ያዋጣል፤ ብሪታንያ የፈቀደችው ግን 70 ዓመት ለሞላው ችግረኛ ከመንግሥት ካዝና በሳምንት እስከ 5 ሺሊንግ ነበር። የጀርመን እጅ ጎልቶ የሚታየው በ1911ዱ የጤና መድን ነው፤ ለአንድ ወንድ ሠራተኛ በሳምንት እሱ 4 ፔንስ፣ አሠሪው 3፣ መንግሥት 2 ያዋጣሉ።

ታዲያ ጡረታውን ምን አጣደፈው? ሐሳቡ ቀድሞም ሲብላላ የቆየ ነው። ነገር ግን በሐምሌ 1907 በተደረጉ ሁለት የማሟያ ምርጫዎች ሊበራሎች ወንበር አጡ፤ ጃሮን የሌበር ዕጩ፣ ከእኔ ሰፈር ብዙ የማይርቀውን ኮልን ቫሊን ደግሞ ሶሻሊስቱ ቪክቶር ግሬይሰን ወሰዱት። ወረቀቶቹን ጎን ለጎን ሳያቸው ርኅራኄ ብቻ ነው ማለት ከበደኝ።

የተማሪዎች ምገባ ሌላ ታሪክ አለው። ከ1899 እስከ 1902 ብሪታንያ በደቡብ አፍሪካ ባደረገችው የቦር ጦርነት ብዙ ፈቃደኛ ወጣቶች በጤና ጉድለት ከምልመላ ተመለሱ። ጉዳዩን የመረመረው ኮሚቴ በ1904 ሕፃናት ይመገቡ፣ በሐኪምም ይታዩ አለ። የ1906ቱን የምገባ ሕግ ረቂቅ ያቀረበው ግን አንድ የሌበር የምክር ቤት አባል ነው። «መንግሥት ለምን» የሚለው ጥያቄ ራሱ እዚህ ላይ ይንሸራተታል።

በጣም ያታለለኝ የድህነት አጥኚው ራውንትሪ ነው። የእንግሊዟን ከተማ የዮርክን ድሆች ቤት ለቤት አስጠንቶ ከከተማው ሕዝብ 28 በመቶ ያህሉ በድህነት እንደሚኖር በ1901 አሳተመ። ይህን የመሰለ ማስረጃ እያለ ሌላ ምክንያት ምን ያደርጋል ብዬ ነበር። ሊበራሎች ግን በ1906 በከፍተኛ ድምፅ ያሸነፉት በዋናነት የነፃ ንግድን ጉዳይ ይዘው ነው፤ ድሃውን እንረዳለን ብለው አይደለም። የራውንትሪ ጥናት ሕግ አላወጣም። ድህነት ስንፍና ነው የሚለውን ሰው አፍ ግን አዘጋ፤ ይህም ቀላል አይደለም። በድጋሚ ስጽፍ ማስረጃውንና ግፊቱን ለየኋቸው፤ አንዱ አሳፈረ፣ ሌላው አጣደፈ። የሥራ አገናኝ ቢሮዎቹን በሁለት መስመር አለፍኳቸው፤ ትንሽ ሳላዳላባቸው አልቀረሁም።

ያን ሰሞን እማዬ ስትደውል ስለ ጡረታው አወራኋት።

«ስንት ዓመት ሲሞላው ነው የሚሰጡት?»

«ሰባ።»

«አይ ልጄ! በዚያ ዘመን ማን ሰባ ይደርስና ነው?»

ስልኩን ዘግቼ ወደ ማስታወሻዬ ተመለስኩ። ስልሳ አምስት ይሁን ያሉ ነበሩ፤ ወደ ሰባ የተገፋው ወጪውን ለመቀነስ ነው። ቸርነቱም ሒሳብ ነበረው ብዬ አንድ አንቀጽ ጨመርኩ።

መምህሬ ያሰመረችው ያንን አንቀጽ ነው። «ይህን ከየት አገኘሽው?» የሚል ጽፋበታለች።