ባለ 5 ኢንቿ ባቡሬ እንፋሎት ያዘች

ላለፉት ወራት ድምፄ የጠፋው በእጄ የምሠራት ትንሽ የእንፋሎት ባቡር ቦይለር (ውሃው ፈልቶ እንፋሎት የሚሆንበት ጋን) ላይ ተጥጄ ስለከረምኩ ነው። አሁን ግን የሚወራ ነገር አለ። ባቡሯ እንፋሎት ይዛለች። ሰው ጎትታለች። ኢንጀክተሯ (ውሃ ወደ ቦይለሩ የሚያስገባው ዕቃ) ደግሞ በደንብ አስለፍቶኛል። አዲስ ለገባችሁበት ትንሽ ዘርዘር አደርገዋለሁ፤ የቆያችሁበት የምታውቁትን እየዘለላችሁ አንብቡ።

ለማስታወስ ያህል፣ 5 ኢንች የሚባለው በሁለቱ ሐዲዶች መሃል ያለው ስፋት ነው፤ 127 ሚሊሜትር። ከትልቁ ባቡር አንድ አስራ አንደኛ አካባቢ መሆኗ ነው። አራት መንኮራኩር፣ ሁለት ሲሊንደር፣ ተንሸራታች ቫልቭ አላት፤ የምትነደው በድንጋይ ከሰል ነው። ለጀማሪ ባለ 3½ ኢንች ይሻላል የሚሉ አሉ። ለመሸከም ይቀላል፣ እውነት ነው። እሳቱ ግን ትንሽ ስለሆነ ለአፍታ ዞር ካላችሁ ይጠፋባችኋል። እኔ ወገቤን ልመም ብዬ ሰፋ ያለውን ምድጃ መረጥኩ።

ብዙ ሰው ይሄን ሥራ ትልቁን ባቡር ማሳነስ ብቻ ይመስለዋል። ቅርጹን ማሳነስ ይቻላል። እሳትና ውሃ ግን እሺ አይሉም። አንድን ቦይለር በቁመቱም በወርዱም 12 ጊዜ ብታሳንሱት፣ የውጭ ገጹ 144 ጊዜ ያንሳል፤ የሚይዘው ውሃ ደግሞ 1,728 ጊዜ። ስለዚህ ከያዘው ውሃ አንጻር ሙቀት የሚያመልጥበት ገጽ 12 እጥፍ ሆነ ማለት ነው። ትንሽ ቦይለር ቶሎ ፈልቶ ቶሎ የሚበርደው ለዚህ ነው። የጭስ ቱቦዎቹንም (የእሳቱ ጭስ በውሃው መሃል የሚያልፍባቸውን) በቁጥር ቀነስ፣ በስፋት ጨመር ማድረግ ግድ ነው። የትልቁን ባቡር ቱቦዎች በልኩ ካሳነሳችኋቸው አመድ ወዲያው ይደፍናቸዋል።

የውሃ መጠን ማሳያው መስታወትም ያው ነው። ቀዳዳው ከጠበበ ውሃው ግድግዳውን ይዞ ወደ ላይ ይሳብና የሌለ ውሃ ያሳያል። ስለዚህ ለባቡሯ ቁመና ትንሽ ወፈር ያለ መስታወት ገጠምኩ። መልኳን አበላሸህ ያሉኝ አሉ። ይበሉ! ውሃ አልቆበት ምድጃው የተቃጠለ ቦይለርም መልኩ አያምርም።

ነገሩ የቆየ ክርክር አለበት። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ እንግሊዝ አገር፣ ትንሽ ባቡር በአልኮል መብራት እንጂ በከሰል በደንብ አትሠራም የሚሉ ነበሩ። ኤልቢኤስሲ በሚል የብዕር ስም የሚጽፈው ባለሙያ በ2½ ኢንች ሐዲድ ላይ ከሰል እያነደደ ትልቅ ሰው ጎትቶ አሳያቸው። ዛሬ ሁላችንም በዚያ መንገድ ነው የምንሄደው።

ሻንሲው (መንኮራኩሮቹንና ሲሊንደሮቹን የያዘው አካል) ከቦይለሩ ቀድሞ በኮምፕሬሰር አየር ዞሯል። ቫልቮቹ በጊዜያቸው መከፈት መዘጋታቸውን እጅ ሳይቃጠል ለማየት ከዚህ የተሻለ ዘዴ የለም። እዚህ ላይ የክራንክ ፒኖቹን (የፒስተኑ ግፊት መንኮራኩሩን የሚያዞርባቸውን ፒኖች) ነገር ብቻ ላንሳ። የግራው ከቀኙ በ90 ዲግሪ ይለያል፤ ሁለቱ ፒስተኖች እኩል ጫፍ ላይ ቢቆሙ ባቡሯ አትነሳማ። ግን ከ90ው በላይ ወሳኙ የሁለቱ አክስሎች መመሳሰል ነው። አንዱ 90 ሌላው 89 ከሆነ ማገናኛ ዘንጎቹ በየዙሩ ይይዛሉ። ሁለቱም 89 ቢሆኑ ማንም አይነቃባችሁም።

አሁን ወደ ቦይለሩ። ሙሉ በሙሉ መዳብ ነው። ላሜራው በቅርጽ ማውጫ ላይ በመዶሻ እየተመታ ይታጠፋል። መዳብ ሲመታ ይደድራል፤ ቀይ እስኪሆን አሙቃችሁ ውሃ ውስጥ ስትከቱት ተመልሶ ይለሰልሳል። መሣሪያ ብረት ማጠንከር የለመደ ሰው ይሄን ሲያይ ግራ ይገባዋል፤ እዚያ ውሃ ማጠንከሪያ ነውና። በየመሃሉ እያለሰለሱ ካልሄዱ ጠርዙ ይሰነጠቃል።

ብየዳው በብር ቅይጥ ነው። ቅይጡ በ650 ዲግሪ አካባቢ ይፈሳል፣ መዳቡ የሚቀልጠው ደግሞ በ1,085 ነው። በወሬ ደረጃ ሰፊ ክፍተት ነው። መከራው መዳብ ሙቀት አለማስቀመጡ ነው፤ እዚህ ስትሰጡት እዚያ ማዶ ያደርሰዋል። መገጣጠሚያውን ብቻ ማሞቅ አይቻልም፣ መላው ቦይለር መጋል አለበት። ዙሪያውን በእሳት ጡብ አጥሬ፣ አንድ ጓደኛዬ በሁለተኛ ችቦ ከሥር እያሞቀልኝ ነው የሠራሁት። ቀድሞ የተበየደው በኋላኛው ሙቀት እንዳይፈታ፣ ለውስጠኛው ምድጃ ከፍ ባለ ሙቀት የሚፈሰውን ቅይጥ፣ ለመጨረሻዎቹ ዝቅ ያለውን ተጠቀምኩ። የድሮ ቅይጥ በእጃችሁ ካለ ካድሚየም እንደሌለበት አረጋግጡ፤ ጭሱ ሳንባ ይመርዛል። ከእያንዳንዱ ብየዳ በኋላ ቦይለሩ ሲትሪክ አሲድ ውስጥ ያድራል። ታጥቦ ሲወጣ ቅይጡ ያልደረሰበት ቦታ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

የምድጃው ጎኖች ጠፍጣፋ ስለሆኑ በብዙ ትናንሽ ዘንጎች ከውጪው ግድግዳ ጋር መታሰር አለባቸው። ይሄን የሚንቅ ሰው ካለ ሒሳቡን ይሥራው። በ6 ባር የመሥሪያ ግፊት (በየካሬ ሴንቲሜትሩ 6 ኪሎ ያህል)፣ 10 በ10 ሴንቲሜትር የሆነች ላሜራ 600 ኪሎ ያህል ክብደት ትሸከማለች። ውሃው ደግሞ በዚያ ግፊት የሚፈላው በ165 ዲግሪ ነው። ቦይለሩ ላይ የሚገጠሙ ዕቃዎችንም ከናስ ሳይሆን ከነሐስ ቶርኖ ላይ አወጣኋቸው። ትኩስ ውሃ ከናሱ ውስጥ ዚንኩን እየበላ ያሰባብረዋል።

ፍተሻው የተደረገው በቀዝቃዛ ውሃ፣ በመሥሪያው ግፊት እጥፍ ማለትም በ12 ባር ነው። ውሃ የሚመረጠው ስለማይታመቅ ነው፤ ቢሰነጠቅ እንኳ ጠብ ብሎ ግፊቱ ወዲያው ይወድቃል። በታመቀ አየር ቦይለር የሚፈትን ሰው ካያችሁ ከአጠገቡ ራቁ። የእኔ አንድ ማሰሪያ ዘንግ ላይ ላብ አሳየች፣ ተበየደች፣ በሁለተኛው ፍተሻ አለፈች። ከዚያ በእሳት፦ እሳቱን አጋግሎ የደህንነት ቫልቮቹ እንፋሎቱን ማስወጣት መቻላቸው ይታያል። ግፊቱ ከመሥሪያው ከ10 በመቶ በላይ መውጣት የለበትም። 6.3 ላይ ቆመ፤ ተገላገልኩ።

እሳት አነሳሱ ብዙ አያስቸግርም። ነጭ ጋዝ የጠጣ የእንጨት ከሰል፣ ጭስ ማውጫው ላይ ትንሽ የኤሌክትሪክ ማራገቢያ፣ ከዚያ 2 ባር አካባቢ ስትደርስ የራሷን እንፋሎት ወደ ማራገቢያነት መክፈት። ከተንቀሳቀሰች በኋላ ከሲሊንደር የሚወጣው እንፋሎት ራሱ በጭስ ማውጫው እየተተኮሰ እሳቱን ይስባል። ስትከብድባት እሳቱ ይበረታል። ይሄን ዘዴ ያሰበ ሰው ይመስገን! የድንጋይ ከሰሉን ትንሽ ትንሽ እያደረጉ ቶሎ ቶሎ መጨመር ነው። ውሃ ከልክ በላይ ከሞላችሁ ግን ውሃው ከእንፋሎቱ ጋር ወደ ሲሊንደር ይሄዳል፤ ውሃ ደግሞ አይታመቅም፣ የሲሊንደር ክዳን ይሰብራል። ስትነሱ የሲሊንደሮቹን ውሃ ማስወገጃ ቧንቧዎች ክፈቱ።

ኢንጀክተሩ ነው ያደከመኝ። ፈረንሳዊው ዢፋር እ.ኤ.አ. በ1858 የፈጠረው ነገር ነው፤ የሚንቀሳቀስ አካል ሳይኖረው በቦይለሩ በራሱ እንፋሎት ውሃን ወደዚያው ቦይለር ይገፋል። እንፋሎቱ በጠባብ ቀዳዳ በፍጥነት ይወጣል፣ ቀዝቃዛ ውሃ ይስባል፣ ውሃው ውስጥ ተመልሶ ውሃ ይሆናል፣ ፍጥነቱን ለውሃው ያወርሰዋል። ቁልፉ ቅዝቃዜው ነው። ገና ከጅምሩ የሞቀ ውሃ ከገባ እንፋሎቱ ወደ ውሃ አይመለስምና ሁሉም በትርፍ ማስወጫው ይፈሳል።

የእኔ መጀመሪያ ይሠራና ከጥቂት ዙር በኋላ እምቢ ይላል። ሁላችሁም እንደምታደርጉት አውጥቼ አቼቶ ውስጥ ዘፈዘፍኩት። ለውጥ የለም። የመምጠጫውን ቱቦ ከታንኩ ነቅዬ በቀጥታ ባልዲ ውስጥ አስገባሁት። አሁንም ለውጥ የለም፤ አየር አይደለም ማለት ነው። በመጨረሻ እንፋሎቱን ሳልከፍት አካሉን ስነካው ያቃጥላል። ሙቀቱ የሚመጣው ከቦይለሩ ወገን ነበር። ውሃ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚከለክለው ቫልቭ ኳስ መቀመጫው ላይ ነጭ ቅርፊት ይዞ ያፈሳል። መቀመጫውን በሪመር (ቀዳዳ ማስተካከያ መሣሪያ) አጸዳሁ፣ በአሮጌ ኳስ ላይ አንድ ጊዜ ለስለስ አድርጌ መታሁ፣ አዲስ የማይዝግ ብረት ኳስ አስገባሁ። አሁን ይጠጣል። የእጅ ፓምፑን ግን አላነሳሁትም፤ ሁለት የተለያየ ውሃ ማስገቢያ ሳይኖር እሳት አይነሳም።

ቅርፊቱ ከየት መጣ ካላችሁ፣ ከቧንቧ ውሃ ነው። አሁን የዝናብ ውሃ አጠራቅማለሁ። ከሩጫ በኋላ እሳቱን አውጥቼ፣ ግፊቱ ዝቅ ሲል ቦይለሩን ከሥር አስተነፍሰዋለሁ፤ ዝቃጩ አብሮ ይወጣል። ቱቦዎቹን በብሩሽ፣ የጭስ ሳጥኑን (ከጭስ ማውጫው ሥር ያለውን) አመድ በዚያው ቀን አጸዳለሁ። አመድና እርጥበት አብረው ካደሩ ብረቱን ይበሉታል። የጭስ ሳጥኑ በር በደንብ መግጠሙንም እዩ፤ ትንሽ አየር ከገባ እሳቱ ይሞታል።

የቀረኝ ዘይቱ ነው። ለሲሊንደር የሚሆነው ወፍራሙ የእንፋሎት ዘይት ነው፤ የመኪና ሞተር ዘይት እርጥብ እንፋሎት ያጥበዋል። የዘይት ማጠጫዋ ግን አሁን ከሚገባው በላይ ስለምትሰጥ የጭስ ማውጫው ጥቁር ዘይት እየረጨ ሸሚዜን ጨርሶታል። የፒስተን ዘንጉ ማሸጊያም ትንሽ ያፏጫል፤ የግራፋይት ገመዱን በቪቶን ኦሪንግ (ሙቀት በሚችል የጎማ ቀለበት) ልተካው አስቤያለሁ። በሙቀቱ ስንት ወቅት እንደሚቆይ የሞከራችሁ ካላችሁ፣ ከመፍታቴ በፊት ንገሩኝ።