ማንኮራፋቷ ሲቆም

ልጅቷ ሦስት ዓመት ከመንፈቋ ነበር፤ ክብደቷ 14 ኪሎ። ከታች በቀኝ በኩል ሁለቱ የወተት መንጋጋዎቿ ተቦርቡረው የኋለኛው ድዷን አሳብጦ መግል ቋጥሯል። እናቷ ስንት ሌሊት እንቅልፍ እንዳጣች ከፊቷ ይነበባል። ሁለት ጊዜ ያለ መድኃኒት ሞክረን ነበር፤ ልጅቷ ግን ወንበሩን ገና ስታይ እየጮኸች እናቷ ላይ ተጠመጠመች። በሦስተኛው ቀጠሮ ማረጋጊያ መድኃኒት ሰጥተን እንድንሠራላት ተወሰነ።

እኔ በዚያ የጥርስ ክሊኒክ ማረጋጊያ የሚሰጣቸውን ሕፃናት የምከታተል ነርስ ነበርኩ። የሥራ ድርሻዬ ግልጽ ነው፤ መድኃኒቱን እሰጣለሁ፣ ከዚያ በኋላ ልጅቷ ነቅታ ወደ እናቷ እቅፍ እስክትመለስ ድረስ አተነፋፈሷን እጠብቃለሁ።

በኪሎ ግማሽ ሚሊ ግራም አስልቼ ሚዳዞላም የተባለውን ማረጋጊያ 7 ሚሊ ግራም በአፏ ሰጠኋት። ከሃያ ደቂቃ በኋላ ዓይኖቿ ከበዱ፤ አሻንጉሊቷም ከእጇ ወደቀች። ናይትረስ ኦክሳይድ የተባለውን የሚያረጋጋ ጋዝና ኦክሲጅን የሚያስገባውን የአፍንጫ ጭምብል አደረግንላት፤ የኦክሲጅን መለኪያውንም አመልካች ጣቷ ላይ ሰካሁ። ማያው 99 ይላል። በቀስታ ታንኮራፋ ነበር። ሁላችንም ደስ አለን፤ “ልጅቷ አማረባት፣ ተኛች” ተባባልን።

ዶክተሩ ማደንዘዣውን ድዷ ላይ ሲወጉ ፊቷን ትንሽ አጨማደደች፤ ወዲያው ግን ተመልሳ ጸጥ አለች። እዚህ ላይ አሁን ደጋግሜ የማስበው ነገር አለ። ማረጋጊያ የወሰደን ልጅ ጭልጥ ብሎ እንዳይተኛ ከሚይዙት ነገሮች አንዱ ራሱ ሕመሙ ነው። ድዱ ሲደነዝዝ ሕመሙ ይጠፋል፤ ያኔ ከአሥር ደቂቃ በፊት ልክ የነበረው መጠን አሁን ይበዛበታል። የድድ ማደንዘዣውም በበኩሉ የሚጨምረው ጫና አለ። በኪሎ 4.4 ሚሊ ግራም የሚለውን ጣሪያ ከያዝን 14 ኪሎ የምትመዝን ልጅ ሊዶካይን የተባለው የድድ ማደንዘዣ በ2 በመቶ ካለባቸው ካርትሪጆች፣ ማለትም ትናንሽ የመርፌ ብልቃጦች፣ ሁለት እንኳ ሙሉ አይፈቀድላትም። ይህን አስልቼ ለዶክተሩ ነግሬያቸው ነበር። ያን ያህል ጥንቁቅ ነበርኩ።

የመጀመሪያው መንጋጋ ተነቀለ። ወደ ሁለተኛው ስንሄድ የዶክተሩ ረዳት በሌላ ክፍል ተፈለገችና ወጣች። አፏ ውስጥ ደምና ውኃ እየተጠራቀመ ነው።

“ሲስተር፣ እስክትመለስ ድረስ ሳክሽኑን ያዢልኝ” አሉኝ።

ከአፏ ፈሳሽ የሚስበውን ቱቦ ያዝኩ። ልክ በዚያች ደቂቃ ሥራዬን ትቼ የሌላ ሰው ሥራ መጀመሬ አልታየኝም፤ ይልቁንም የረዳሁ መሰለኝ። ዓይኔ ከደረቷ ወደ አፏ ዞረ፤ ደሙን፣ የደም መምጠጫውን ጨርቅ፣ የሳክሽኑን ጫፍ ማየት ጀመርኩ። በየመሃሉ ማያውን ቀና ብዬ አያለሁ። 98 ይላል።

ምን እንዳነቃኝ እስከ ዛሬ በትክክል መናገር ይከብደኛል። ሳክሽኑ ለአፍታ ሲዘጋ ክፍሉ ውስጥ የጎደለ ድምፅ እንዳለ ተሰማኝ። ማንኮራፋቷ የለም። ዶክተሩ መንጋጋውን ለመንቀል የታችኛውን አገጯን ወደ ታች ተጭነውታል። ደረቷን የሸፈነውን ፎጣ ገለጥ አደረግሁ። ደረቷ ወደ ውስጥ ሲሰረጉድ ሆዷ ይነፋል፤ ሆዷ ሲጎድል ደረቷ ይነሳል። ሰውነቷ አየር ለመሳብ እየታገለ ነበር፤ አየር ግን አይገባም። ማያው አሁንም 97 ይላል።

“ዶክተር፣ እጅዎን ያንሱ!” አልኩ፤ ድምፄ የራሴ አልመሰለኝም።

የደም መምጠጫውን ጨርቅ ከአፏ አወጣሁ፤ አገጯን በሁለት እጄ ይዤ ወደ ፊትና ወደ ላይ ገፋሁ። አየር አልገባም። መለኪያው ይህን ሁሉ የነገረን ያኔ ነው፤ 91፣ 84፣ 76። ከንፈሯ ጠቆረ። አምቡ ባጉን፣ በእጅ እየተጨመቀ አየር የሚያስገባውን ከረጢት፣ አነሳሁ፤ ዶክተሩ ጭምብሉን በሁለት እጃቸው ፊቷ ላይ ገጠሙ፣ እኔ ጨመቅሁ። የመጀመሪያው አልገባም። ጭንቅላቷን አስተካክለን አገጯን እንደገና ስናነሳ በሁለተኛው ደረቷ ተነሳ። ሦስተኛ። አራተኛ። ከዚያ ሳለች፣ ከዚያም አለቀሰች። የሚዳዞላምን ኃይል የሚሽረው መድኃኒት ፍሉማዜኒል ሥራውን ስንጀምር ተዘጋጅቶ ተቀምጦ ነበር፤ አላስፈለገም። ቢያስፈልግ ኖሮም የሚቀድመው የአየር መንገዱን መክፈት ነው፤ መድኃኒት ሲቀዳና ሲወጋ የሚያልፉት ደቂቃዎች ለሕፃን ብዙ ናቸው። የሕፃን አካል በኪሎ ሲሰላ የአዋቂን እጥፍ ያህል ኦክሲጅን ይፈጃል፤ ሳንባው ውስጥ የሚያስቀምጠው ስንቅ ደግሞ ትንሽ ነው።

ማያው ለምን ዘገየ? መለኪያው የሚያነበው በደሟ ውስጥ ያለውን ኦክሲጅን እንጂ ትንፋሿን አይደለም። በጭምብሉ ኦክሲጅን ስንሰጣት ስለቆየን፣ መተንፈስ ካቆመች በኋላም ደሟ የተጠራቀመውን እየተጠቀመ ቁጥሩን ከፍ አድርጎ አቆየው። ትንፋሽን ራሱን የሚያሳየው ካፕኖግራፍ ነው፤ በሚወጣው አየር ውስጥ ያለውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለካል፤ ትንፋሽ በቆመበት ቅጽበት መስመሩ ጠፍጣፋ ይሆናል። በዚያ ክፍል ካፕኖግራፍ አልነበረም። ጉሮሮ ላይ ተለጥፎ የትንፋሽን ድምፅ የሚያሰማ ተራ የሐኪም ማዳመጫ (ስቴቶስኮፕ) እንኳ አላደረግንላትም።

ልጅቷ በደንብ ነቅታ ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ ማንም ሳይቀሰቅሳት ከሃያ ደቂቃ በላይ ዓይኗን ገልጣ እስክትቆይ ጠበቅን። የሆነውን ለእናቷ የነገርናት ዶክተሩና እኔ ነን፤ ምንም አልደበቅንም። አልጮኸችብንም። ለረጅም ጊዜ ዝም ካለች በኋላ፣ “ሌሊትም እንዲህ ናት እኮ” አለችን። “ስታንኮራፋ ቆይታ ድንገት ዝም ትላለች፤ ከዚያ እንደ ደነገጠ ሰው አየር ትስባለች። ጉንፋን መስሎኝ ነበር።”

አፏን በባትሪ አየን። ሁለቱ ቶንሲሎቿ ሊነካኩ ምንም አልቀራቸውም።

ቅጹን የሞላሁት እኔ ነኝ። መቼ እንደበላች፣ ክብደቷን፣ አለርጂ እንዳለባት፣ ሰሞኑን ጉንፋን ይዟት እንደነበር ጠይቄያለሁ። ሌሊት ታንኮራፋለች ወይ የሚል መስመር ቅጹ ላይ አልነበረም፤ እኔም ከራሴ አልጠየቅሁም። ሲተኛ የአየር መንገዱ የሚዘጋ ልጅ በጥርስ ወንበር ላይ ሳይሆን በሆስፒታል፣ የአየር መንገዱን በእጁ የያዘ የሰመመን ባለሙያ ባለበት ነው መሠራት ያለበት። ክሊኒኩ ውስጥ ያንኮራፋችውም ያው በሌሊት የምታንኮራፋው ነበር፤ እኛ ግን የጥሩ እንቅልፍ ምልክት አድርገን ወሰድነው።

ሁለቱ የአሜሪካ አካዳሚዎች፣ የሕፃናት ሐኪሞችና የሕፃናት ጥርስ ሐኪሞች፣ እ.ኤ.አ. በ2019 ያሻሻሉት መመሪያ እንደሚለው፣ ማረጋጊያው መካከለኛ ሲሆን የሚከታተለው ሰው በማንኛውም ቅጽበት ሊጥለው የሚችለውን ትንሽ ሥራ ሊያግዝ ይችላል፤ ጥልቅ ሲሆን ግን ከመከታተል ሌላ ምንም ሥራ ሊኖረው አይገባም። እኔ ከዚህ ይበልጥ ጠበቅ አደርገዋለሁ። ያቺ ልጅ ከመካከለኛው ወደ ጥልቁ ስትሻገር ማንም አልነገረኝም፤ የተሻገረችው እጄ ሳክሽን ይዞ ሳለ ነው።

ቅጹን በማግሥቱ ለወጥን፤ ካፕኖግራፉ ሲገዛ ግን ወራት አለፉ። እስኪመጣ ድረስ ሚዳዞላም ከናይትረስ ኦክሳይድ ጋር አንድ ላይ መስጠት አቆምን። አንድ ቀን ዶክተሩ በልማድ እጃቸውን ዘርግተው “ሲስተር፣ ሳክሽን…” ብለው ጀመሩና ቀና ብለው አዩኝ። እጄ ሕፃኑ ደረት ላይ ነበር። ዕቃቸውን አስቀምጠው ራሳቸው ተነስተው ረዳቷን ጠሩ። አምስት ደቂቃ ጠበቅን።

የልጅቷ ቶንሲል በኋላ በሆስፒታል ወጣላት፤ የቀረው ጥርሷም በዚያው ተሠራ። እናቷ ደውላ ነገረችኝ። ከሆስፒታል በተመለሱበት ሳምንት አንድ ሌሊት ቤቱ ጭር ሲልባት በርግጋ ተነሳች፤ እጇን የልጇ ደረት ላይ አድርጋ፣ ደረቱ ከፍና ዝቅ እያለ፣ እስኪነጋ አጠገቧ ተቀመጠች።