አሮጌ ጋቢ በመካከል፦ የእጅ ኩዊልት ማስታወሻ ከአምስት ኪሎ

ካለፈው መስከረም ወዲህ ኩዊልት በእጄ ስሰፋና ለሌሎች ሳሳይ ካገኘሁት ሁሉ የሚበልጥብኝ አሮጌ ጋቢ ነው። ሥራው ሲያልቅ ጋቢው ከፊትም ከኋላም አይታይም። ከቁርጥራጭ ጨርቅ በተገጣጠመው ፊትና በገበሩ መካከል ተኝቶ ሙቀቱን ይሰጣል። በየቤታችሁ መርፌ ይዛችሁ "ሙሌቱን ከየት እናምጣ?" እያላችሁ የምትጠይቁ ባልደረቦቼ ብዙ ስለሆናችሁ የደረስኩበትን ላካፍላችሁ።

አዲስ ለሆናችሁ በአጭሩ፦ ኩዊልት ሦስት ድርብ ነው፤ ፊት፣ ሙሌትና ገበር። ሦስቱን የሚያያይዛቸው ከፊት እስከ ገበር ዘልቆ የሚመላለስ ስፌት ነው። ስፌቱ ለዓይን ጌጥ ይመስላል፤ ዋና ሥራው ግን ሙሌቱ እንዳይሸሽና እንዳይጓጉል መያዝ ነው። ስለዚህ "ስፌቶቹን ምን ያህል ላራርቃቸው?" ብሎ ለሚጠይቅ ሰው መልሱ ያለው በመካከል በገባው ነገር ላይ ነው። እኔ ሦስት ዓይነት ሞክሬያለሁ።

የመጀመሪያው ለትራስና ለጃኬት የሚሆነው፣ ከመርካቶ የገዛሁት ሰው ሠራሽ ሙሌት ነው። ቀላል ነው፤ ታጥቦም ቶሎ ይደርቃል። ነገር ግን በመርፌው ሥር እየተነፋ ስለሚነሣ ለጀማሪ እጅ ያስቸግራል፤ ከጥጥ ጨርቅ ጋርም እኩል አይታጠፍም።

ሁለተኛው ባዘቶ ነው። ፍሬው በመዳመጫ የወጣለት፣ በደጋን የተነደፈ ጥጥ በገበር ላይ ሲነጠፍ ማየት ለብቻው ደስታ አለው። ሆኖም ባዘቶ ገና አልተፈተለም፣ አልተሸመነም፤ እርስ በርሱ የሚይዘው ነገር የለም። በእኔ ሙከራ ስፌቶቹ ከ5 ሴንቲ ሜትር በላይ ሲራራቁ በእጥበት ጊዜ ወደ አንድ ጥግ ይሰበሰባል። በአውሮፓና በአሜሪካ የድሮ ሰፊዎች የጥጥ ኩዊልቶቻቸውን በተቀራረበ ስፌት የሞሉት ለውበት ብቻ አልነበረም፤ ሙሌቱ ራሱ ያስገድዳቸው ነበር። ለለመደ እጅ ባዘቶን የሚያህል የለም። ገና መርፌ የጨበጠ ሰው ግን አንድ የሕፃን ብርድ ልብስ እንዲህ ጥቅጥቅ አድርጎ ሰፍቶ እስኪጨርስ ልቡ ይዝላል።

ጋቢ ይህን ሁሉ ይፈታል። አራት ድርብ ነው፤ ድሩ አብዛኛውን ጊዜ የፋብሪካ ክር፣ ማጉ በእንዝርት የተፈተለ ወፍራምና ለስላሳ ጥጥ ነው። በማጉ ውስጥ አየር ይታቆራል፤ የሚያሞቀንም ይኸው አየር ነው። የተሸመነ ስለሆነ አይጓጉልም፤ ስፌቶቹን ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ማራራቅ ይቻላል። ደግሞም ለዓመታት ስለታጠበ የሚያጥረውን ያህል አጥሮ ጨርሷል። አዲስ ጥጥ ያላቸው ሥራዎች ከመጀመሪያው እጥበት በኋላ ሲሸበሸቡ፣ በአሮጌ ጋቢ የተሠራው እንደተሰፋ ይቆያል። የዳር ስፌቱን ፈትቼ አራቱን ድርብ ሁለት ሁለት አድርጌ እለያየዋለሁ፤ መርፌው በሁለቱ ውስጥ ያለ ግፊት ያልፋል፤ ከአንድ ጋቢም ከአንድ በላይ የሕፃን ብርድ ልብስ ይወጣል።

ጉድለትም አለበት። ውኃ ሲጠጣ ይከብዳል፤ በሐምሌና በነሐሴ አንድ ሥራ ታጥቦ እስኪደርቅ ቀናት ይፈጃል። ስለዚህ ለትልቅ አልጋ የሚሆን አልሠራበትም፤ በሕፃን ብርድ ልብስ፣ በጉልበት ልብስና በሶፋ ልብስ እወሰናለሁ። አንድ ነገር ደግሞ አጥብቄ እናገራለሁ፦ ገና የሚለበስ ጋቢ አይቆረጥም። መካከሉ የሳሳ፣ በትከሻው በኩል የተቀደደ፣ ባለቤቱም በፈቃዱ የሰጠው ሲሆን ብቻ ወደ መቀሱ ይቀርባል። አንዲት ተማሪ የሟች አባቷን ጋቢ ይዛ መጥታ ነበር፤ ጤነኛ ጋቢ ስለነበር "ይህን ልበሺው" አልኳት። ለሥራው ከጎረቤት ያረጀ አገኘንላት።

ያረጀ ጨርቅን በመካከል ማስገባት እኛ የጀመርነው አይደለም። በቤንጋል፣ ማለትም በዛሬዋ ባንግላዴሽና በሕንድ ምዕራብ ቤንጋል፣ ሴቶች ያረጁ ሳሪዎችን ደራርበው በቀላል ቀጥታ ስፌት በመስፋት ካንታ የሚባለውን መደረቢያ ይሠራሉ። ከካንታ የወሰድኩት ትልቅ ነገር ስፌቱ ነው፤ መርፌው ወጣ ገባ እያለ ከመሄድ በቀር ሌላ ጥበብ አይጠይቅም። ለተማሪዎቼም የማሳየው ይህንኑ ነው። በ1 ሴንቲ ሜትር ውስጥ 2 ስፌት ከበቂ በላይ ነው። ስፌቱ ከማነሱ ይልቅ እኩል መሆኑን እመለከታለሁ፤ እኩል የሆነ ትልቅ ስፌት ያምራል።

ስለ ጨርቅ ምርጫ ትንሽ ልበል። ቁርጥራጭ የምሰበስበው በአራት ኪሎና በስድስት ኪሎ አካባቢ ካሉ ልብስ ሰፊዎች ነው፤ ከሽሮ ሜዳ ደግሞ የሐበሻ ልብስ ሲቆረጥ የሚተርፈውን አገኛለሁ። ከተሰበሰበው ውስጥ ጥጡን ከፖሊስተር ለመለየት ከዳር አንድ ሁለት ክር መዝዤ በክብሪት እለኩሳለሁ፦ ጥጥ እንደ ወረቀት ይነድና ለስላሳ አመድ ይተዋል፤ ፖሊስተር ቀልጦ ጠንካራ ጠብታ ይሆናል። ሁለቱን በአንድ ፊት ላይ አልቀላቅልም፤ በካውያም በእጥበትም ጠባያቸው ይለያያል። አቡጀዲ ለገበር ተስማሚና ርካሽ ነው፤ ግን ከመቆረጡ በፊት በሙቅ ውኃ ይታጠብ። ከፋብሪካ ይዞት የሚመጣው ማጠንከሪያ ይለቀዋል፤ የሚያጥረውንም ያኔ ያጥራል።

የሽሮ ሜዳ ሸማ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። ሽመናው የላላ ስለሆነ ዳሩ ይተረተራል፤ በመደበኛ ጨርቅ ላይ የምንተወው የስፌት ትርፍ አይበቃውም። ለሸማና ለጥለት ቁራጭ 1.5 ሴንቲ ሜትር እተዋለሁ። ከሁሉም በላይ የድሩንና የማጉን አቅጣጫ መከተል ያስፈልጋል። በሰያፍ የተቆረጠ ሸማ በእጅ ላይ እያለ ይለጠጣል፤ አራት ማዕዘን ሆኖ የተቆረጠው ሲሰፋ ሌላ ቅርጽ ይይዛል። ተማሪዎቼ መጀመሪያ የሚማሩት ከዳር አንድ ክር መዝዘው፣ ክሩ የተወውን ቀጭን መስመር ተከትለው መቁረጥን ነው። የሸማኔው መስመር ከማንኛውም ማስመሪያ ይበልጣል።

ለክር፣ ርዝመቱ ከአንድ ክንድ አይበልጥ፤ ከበለጠ ይጠላለፋል፣ በጨርቁ ውስጥ ሲመላለስም ይሳሳል። በንጹሕ የንብ ሰም ላይ አንዴ ሳብ ማድረግ ክሩ እንዳይቋጠር ይረዳል። የመነሻውን ቋጠሮ ደግሞ ከላይ አንተወውም፤ ክሩን ቀስ ብሎ ሳብ ሲያደርጉት ቋጠሮው በፊቱ ጨርቅ ዘልቆ ይገባና ከጋቢው ውስጥ ይቀራል።

ማስተማሩ የሚካሄደው በቤታችን ሳሎን ነው። ጠረጴዛው ወደ መስኮቱ ተጠግቷል፤ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት ያለው ብርሃን ከሁሉ ይመረጣል። መብራት ቢጠፋም የሚቆም ሥራ የለም፤ ካውያ ብቻ ነው የሚጠብቀው፤ እሱንም ቢሆን ስፌቱን በጥፍር ጀርባ ጫን ብሎ በማስተኛት እንተካዋለን። ቡና የሚፈላው ጨርቁ ከተነሣ በኋላ ነው። ይህን ሕግ ሁሉም ያከብረዋል።

ትምህርቱን የምጀምረው ከሙሉ ነገር ነው። በየቦታው ያየኋቸው መመሪያዎች ለብዙ ጊዜ መገጣጠም ብቻ ያስተምራሉ፤ ሦስቱ ድርብ የሚገናኙት መጨረሻ ላይ ነው። እኔ ግን ተማሪው ገና ሲጀምር በ30 ሴንቲ ሜትር ካሬ ላይ ሁሉንም እንዲያይ እፈልጋለሁ፦ ዘጠኝ ቁራጭ ይገጣጠማል፣ አሮጌ ጋቢ ይገባል፣ ገበር ይነጠፋል፣ ይሰፋል፣ ዳሩ ይለበጣል። የትራስ ፊት ይሆናል። ያን ጨርሶ ወደ ቤቱ የወሰደ ሰው ሳይጠራ ይመለሳል።

ቀጣዩ የሕፃን ብርድ ልብስ ነው፤ ልኩን እንዳለ ልስጣችሁ። ያለቀለት መጠን 90 በ90 ሴንቲ ሜትር። ትንንሾቹ ካሬዎች 11.5 ሴንቲ ሜትር ሆነው ይቆረጣሉ፤ በየጎኑ 0.75 በስፌት ስለሚሄድ ሲያልቁ 10 ይሆናሉ። ዘጠኙ ተገጣጥመው አንድ የ30 ሴንቲ ሜትር ክፍል ይወጣቸዋል። ፊቱ በሦስት ረድፍ ሦስት ሦስት ክፍል አለው፤ አምስቱ ከካሬዎች የተገጣጠሙ፣ አራቱ 31.5 ሆነው የተቆረጡ ያልተገጣጠሙ ጨርቆች ናቸው፤ እያፈራረቅን እናስቀምጣቸዋለን። ስለዚህ 45 ትንንሽና 4 ትልልቅ ካሬ ይበቃል። በሸማ ለምትሠሩ 11.5 የነበረው 13፣ 31.5 የነበረው 33 ይሁን። ጋቢውና ገበሩ በየጎኑ 5 ሴንቲ ሜትር ይተርፉ፤ ስፌቱ ሲያልቅ ይከረከማሉ። ለዳር መለበጫው 6 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጥብጣብ ለሁለት ታጥፎ፣ ወደ 4 ሜትር ርዝመት ያስፈልጋል። ድርቦቹ ከመሰፋታቸው በፊት ከመካከል ወደ ዳር እየሄዳችሁ በመርፌ ቁልፍ ያዙዋቸው፤ በአንድ መዳፍ ርቀት አንድ።

ቀለም ለመምረጥ የምንጠቀምበት ዘዴ ቀላል ነው፦ ቁርጥራጮቹን መሬት ላይ ደርድሮ በስልክ ጥቁርና ነጭ ፎቶ ማንሣት። ቀይና አረንጓዴ ለዓይን የተለያዩ መስለው ብርሃናቸው እኩል ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ቅርጹ ከሩቅ አይለይም። ፎቶው ይህን ወዲያው ያጋልጣል።

ከተማሪዎቹ መካከል ከሁላችንም በዕድሜ የሚበልጡት እማማ ናቸው። ስፌቱ ዓይናቸውን ስለሚያደክመው ወጣቶቹ ገና ሲቀመጡ ብዙ መርፌዎች በአንድ ክር ጥቅል ላይ ይሰኩላቸዋል፤ እሳቸው አንድ መርፌ በፈለጉ ቁጥር ክሩን መትረው ሌሎቹን ወደ ኋላ ይገፏቸዋል። አንድ ቀን ሥራውን ትኩር ብለው አዩና "ልጄ፣ ይህ እኮ የጥጥ ፍራሽ አሠራር ነው፤ እየወጉ ቋጠር፣ እየወጉ ቋጠር ማድረግ አይበቃም?" አሉኝ። ይበቃል። በወፍራም ክር በየ10 ሴንቲ ሜትሩ ሦስቱን ድርብ ወግቶ ሁለት ጊዜ መቋጠር በሌላውም ዓለም የታወቀ የኩዊልት አሠራር ነው። እሳቸው አያያዙን ከልጅነታቸው ያውቁት ስለነበር ቋጠሮውን ለሁላችን ያሳዩን እሳቸው ናቸው። አሁን የሚቸኩል ወይም ዓይኑ የሚደክም ሰው በዚህ መንገድ ይጨርሳል። ግራኝ ለሆነች ሌላ ተማሪ ደግሞ ከጎኗ መቀመጥ ትቼ ፊት ለፊቷ ተቀመጥኩ፤ እጄን እንደ መስታወት ተከትላ ወዲያው ያዘችው።

ከስፌቱ ይልቅ ከባድ የሆነው ሌላ ነገር ነው። በአገራችን ተጠጋግኖ የተሰፋ ጨርቅ የማጣት ምልክት ሆኖ ኖሯል፤ ድሪቶ መልበስ ያሳፍር ነበር። አንዲት እናት ልጃቸው ወደ እኔ መመላለሷን አልወደዱትም፤ "ሰው ምን ይለናል?" ብለው ነበር። ይህን ስሜት በክርክር ማስለወጥ አይቻልም፤ ስለዚህ ሥራዎችን አሳያለሁ። በአሜሪካ አላባማ ውስጥ ወንዝ በሚጠመዘዝበት ጊስ ቤንድ በተባለ ቦታ የጥቁር ገበሬ ቤተሰቦች ሴቶች ባረጀ የሥራ ሱሪና ሸሚዝ ቤታቸውን ለማሞቅ የሰፏቸው ኩዊልቶች እ.ኤ.አ. በ2002 በሂውስተን የሥነ ጥበብ ሙዚየም ለእይታ ቀርበዋል፤ በ2006 ደግሞ የአገሪቱ ፖስታ ቤት በቴምብር ላይ አትሟቸዋል። የጉልበቱ መገጣጠሚያ የደበዘዘበት ሱሪ በዚያ ሥራ ላይ እንደደበዘዘ ይታያል።

ከዚያ የሃሪየት ፓወርስን ሥራ አወጣለሁ። እ.ኤ.አ. በ1837 በጆርጂያ በባርነት የተወለዱ ሴት ናቸው፤ ከእጃቸው ሥራ እስከ ዛሬ የቆዩ ሁለት ኩዊልቶች ይታወቃሉ፤ አንዱ በዋሽንግተን በስሚዝሶኒያን፣ ሌላው በቦስተን የሥነ ጥበብ ሙዚየም ይገኛል። የዋሽንግተኑ የመጽሐፍ ቅዱስን ታሪክ በ11 ክፍሎች፣ ከጨርቅ በተቆረጡ ሰዎችና እንስሳት ይተርካል። ያን ሥዕል ያዩ ተማሪዎች በቸርችል ጎዳና የሚሸጠውን የንግሥተ ሳባን ታሪክ ያነሣሉ፤ በረድፍ በረድፍ በተከፈሉ ትንንሽ ሥዕሎች የሚነበበውን። ከዚያ ቀን ወዲህ ሁለቱ ተማሪዎች የራሳቸውን ታሪክ በክፍል በክፍል እየሰፉ ነው፤ አንደኛዋ የአያቷን ከገጠር ወደ አዲስ አበባ መምጣት ትሠራለች፤ በቅሎዋ ከካኪ ቁራጭ ተቆርጣ ተለጥፋለች። እኔ ያላሰብኩት ነው፤ በጣም ደስ ብሎኛል። ያችም እናት የልጃቸውን የትራስ ፊት ሳሎናቸው ውስጥ አስቀምጠውታል።

ስለ ዋጋ ብዙዎቻችሁ ትጠይቃላችሁ። ጨርቁ ትርፍራፊ፣ ጋቢውም አሮጌ ስለሆነ የዕቃው ወጪ ትንሽ ነው፤ የሚከፈለው ለእጅ ነው። አንዱን ሥራ ለመሸጥ ያሰበ ሰው የፈጀበትን ሰዓት ከመጀመሪያው ይጻፍ፤ ከዚያ ቢያንስ የአንድ ጥሩ ልብስ ሰፊ የቀን ገቢ በሚያህል ያስላ። ከዚያ በታች መሸጥ የሌሎቻችንንም ሥራ ያራክሳል።

ለመጪው ክረምት ያሰብኩት ባዘቶን እንደገና መሞከር ነው፤ ምክንያቱም ሁሉም ሰው አሮጌ ጋቢ አያገኝም። ሐሳቤ ባዘቶውን በሁለት ስስ ሻሽ መካከል አንጥፎ፣ ሻሹን በረጃጅም ስፌት በየ8 ሴንቲ ሜትሩ ይዞ፣ ከዚያ እንደ አንድ ጨርቅ ወደ ኩዊልቱ ማስገባት ነው። ሻሹ ከያዘው የላይኛው ስፌት ሊራራቅ ይችላል። ከእናንተ መካከል ይህን ሠርቶ ያጠበ ካለ ከሁለት ሦስት እጥበት በኋላ ጥጡ በቦታው መቆየቱን፣ ሻሹም ምን ያህል እንዳጠረ ይጻፍልኝ፤ እኔም የራሴን ውጤት በመስከረም አካፍላችኋለሁ።