ጭልጋ ላይ ያየሁት ቅጠል

ጎንደር የገባሁት በ2006 ዓ.ም. ለጥምቀት አሥር ቀን ሲቀረው ነው። የመጀመሪያዋን ሌሊት ትኋን ሲበላኝ አደረ፤ ሲነጋ ደግሞ ለፊት መታጠቢያ እንኳ ውሃ የለም። አዳማ ላደገ ሰው ብርዱም ቀላል አይደለም። ፋሲል ግቢን ቶሎ አይቼ ወጣሁ፤ ግንቡን ግን ሳልዳስሰው አላለፍኩም። የሰሜኑን ደጋ የተሸከመው ይህ ጥቁር ድንጋይ አብዛኛው የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ከምድር ስንጥቅ ቀልጦ የፈሰሰ ነው።

የመጣሁት ግን ለጭልጋ ነበር። መናኸሪያ ላይ ረዳቱ 60 ብር ተቀበለኝ። አጠገቤ የተቀመጡት እናት 30 ብር መክፈላቸውን ሲነግሩኝ በገንኩ፤ የጭልጋዋ ከተማ አይከል እስክንደርስ መንገዱን ልብ ብዬ አላየሁትም።

ወደ ወንዙ ስወርድ የሽምብራ ማሳ የሚጠብቁ አዛውንት አገኘሁ። «አባቴ፣ ድንጋይ ላይ የታተመ ቅጠል ፍለጋ ነው የመጣሁት» ስላቸው በትራቸውን አንስተው መሩኝ። ወንዙ በሸረሸረው ገደል ላይ፣ ከድንጋይ ከሰሉ ጥቁር መስመር ከፍ ብሎ፣ አመድማ ስስ ድርብርብ አለ። አንዱን ገጽ በጥፍራቸው ቀስ ብለው ገለጡት። የመሐሉ ጅማት፣ ከእሱ የሚወጡት ቀጫጭኖች፣ ጫፉ ላይ ትል የበላው ቀዳዳ ሳይቀር ቁልጭ ብሎ ታየ። ትንፋሼን ያዝኩ።

ቅጠሉ ከ27 ሚሊዮን ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። ያኔ እዚህ ጥቅጥቅ ያለ እርጥብ ደን ነበር፤ አፍሪካና ዓረብም አንድ ሆነው በባሕር የተከበቡ ምድር ነበሩ። በደኑ ውስጥ ከጥንት ዝሆኖች ጋር አርሲኖይቴሪየም ይኖር ነበር፤ አውራሪስ ይመስላል፣ ሁለት ግዙፍ ቀንዶቹ ግን አፍንጫው ላይ ጎን ለጎን የበቀሉ ናቸው። አጥንቱ የተገኘው እዚሁ ጭልጋ ነው። በኋላ የብሱ ከእስያ ጋር ሲገናኝ የዝሆን ወገን ተሻግሮ ተስፋፋ፤ አርሲኖይቴሪየም ግን ዘሩ ጠፋ።

ይህን ስነግራቸው በጥሞና አዳመጡኝና፣ «ታዲያ ያ ሁሉ ጫካ ወዴት ሄደ፣ ልጄ?» አሉኝ።

ምድሩ ከፍ እያለ፣ አየሩም እየደረቀ መሄዱን ነገርኳቸው። የተረፈውን እኛው እንደቆረጥነውም አልደበቅኩም። ዝም አሉ። ከዚያ በበትራቸው ኮረብታው ላይ ያለውን ቤተ ክርስቲያን የከበበውን ጽድና ወይራ አሳዩኝ። «ያን ግን ማንም አይነካውም።»

ቅጠሉን ፀሐይ እንዳያገኘው መልሰን ገጠምነው። 50 ብር ብሰጣቸው አሻፈረኝ አሉ፤ እንዲያውም አንድ እቅፍ እሸት ሽምብራ አሸክመው ሸኙኝ።