ዘግይተው የደረሱኝ ፊልሞች

በዋሽንግተን አጠገብ ባለችው ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ መሀል፣ የሐበሻ ምግብ ቤቶች ካሉበት ሰፈር ብዙም ሳይርቅ፣ እ.ኤ.አ. በ1938 ተሠርቶ በ2003 ታድሶ የተከፈተ የአሜሪካ ፊልም ኢንስቲትዩት ሲኒማ ቤት አለ። ለዓመታት በደጃፉ ሳልፍ የማውቀው ውጪውን ብቻ ነበር። በአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ከምሠራው የማታ ፈረቃ ስመለስ፣ እንቅልፍ እስኪወስደኝ ድረስ በስልኬ አጫጭር ቀልዶችንና ማለቂያ የሌላቸውን ተከታታይ ድራማዎች አይ ነበር፤ በማግስቱ ግን ካየሁት ውስጥ ለሰው የምነግረው አንድም አላገኝም።

ጃፓናዊው የፊልም ዳይሬክተር ያሱጂሮ ኦዙ እ.ኤ.አ. በ1953 የሠራውን «የቶኪዮ ታሪክ» ያየሁት የሥራ ባልደረባዬ አጥብቃ ስለመከረችኝ ነው። ልጆቻቸውን ለመጠየቅ ኦኖሚቺ ከምትባል ሩቅ ከተማ ቶኪዮ ድረስ የመጡ ሁለት አዛውንት ባልና ሚስትን ያሳያል። ሐኪሙ ወንድ ልጃቸውና የፀጉር ሥራ ቤት ያላት ሴት ልጃቸው ጊዜ ስለሌላቸው፣ ገንዘብ አዋጥተው አታሚ ወደሚባል የፍል ውኃ መዝናኛ ይልኳቸዋል፤ አዛውንቶቹም በሌሊቱ ጫጫታ እንቅልፍ አጥተው ይመለሳሉ። ከሥራዋ ፈቃድ ጠይቃ ከተማውን የምታሳያቸው፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የሞተው ልጃቸው ሚስት ኖሪኮ ናት። ልጆቹ ክፉዎች አይደሉም፤ ሥራ የበዛባቸው ሰዎች ናቸው፤ ፊልሙ የከበደኝም በዚሁ ምክንያት ነው። እኔ በምሠራበት ቤት፣ እናታቸውን ሊጠይቁ መጥተው ቶሎ ቶሎ ሰዓታቸውን የሚመለከቱ ደግ ልጆች እሑድ እሑድ አያለሁ። ለወላጆቹ ራሱን ማድረስ አቅቶት ገንዘብ የሚልክ ስደተኛም ያንን የአታሚ ጉዞ ማንም ሳያስረዳው ያውቀዋል። ኦዙ ካሜራውን ወለል ላይ በተቀመጠ ሰው ዓይን ልክ ዝቅ አድርጎ ያስቀምጠዋል እንጂ ከሞላ ጎደል አያንቀሳቅሰውም፤ ስለዚህ ተመልካቹ በማንም ላይ ሳይፈርድ፣ እንደ ቤተሰቡ አባል አብሯቸው ተቀምጦ ያዳምጣል።

ከዚያ በኋላ የራሳችንን ፈለግሁ። በዋሽንግተን ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ለረጅም ዓመታት ያስተማሩት የፊልም ዳይሬክተር ኃይሌ ገሪማ፣ እ.ኤ.አ. በ1974 አገር ቤት ቀርጸው በ1976 ያቀረቡት «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» በአማርኛ የተሠራ፣ ጥቁርና ነጭ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል የሚወስድ ፊልም ነው። ይህን የመሰለ ሥራ በቋንቋዬ እያለ ከእኔ ትውልድ ስንቱ ሳያየው ቀረ! ብዙ ተናግሬላቸው አብረውኝ ያዩት ጓደኞቼ ግን «ይረዝማል፣ ይንቀረፈፋል» ይሉኛል፤ ከአሥራ ሁለት ሰዓት ሥራ ለሚመለስ ሰው ይህ ቅሬታ ቀላል እንዳልሆነ እረዳለሁ። ሆኖም በዚህ አልስማማም። የጭሰኛው ቤተሰብ ገና ሳይነጋ ተነሥቶ ለባለርስቱ ሲደክም፣ ፊልሙ ቀኑን አያሳጥርለትም፤ እኛም ድካሙን የምናየው ከእነርዝመቱ ነው። ደክሞኝ በመጣሁበት ሌሊት እንኳ፣ ከአሥር አጫጭር ቀልዶች ይልቅ የዚህን ፊልም ግማሽ ሰዓት አይቼ መተኛትን እመርጣለሁ፤ ቀሪውን በማግስቱ እቀጥላለሁ።