ትንሿን ነካሽ ኤሊዬን ሳሳድግ
ነካሽ ኤሊዬ (በእንግሊዝኛ snapping turtle የምትባለው፣ ውሃ ውስጥ የምትኖር የኤሊ ዓይነት) ከእንቁላል እንደወጣች ሳንቲም ብታክል ነው፤ ዋናዋም ገና አልጠናም። ስለዚህ ውሃውን ያደረግኩላት አንገቷን ስትዘረጋ አፍንጫዋ ከላይ ብቅ እስኪል ድረስ ብቻ ነው።

ትል ስጥልላት መጀመሪያ ዝም ብላ ታየዋለች፣ አንገቷን ቀስ አድርጋ ታስጠጋለች፣ ከዚያ ላፍ! በፊት እግሮቿ ጥፍር ቦጫጭቃ እዚያው ውሃ ውስጥ ትውጠዋለች። አይቼ አልጠግባትም።

ውሃው ግን ቶሎ ይቆሽሻል፤ ጠንካራ ማጣሪያ የግድ ነው። ሳልሞኔላ የሚባል በሽታ አምጪ ባክቴሪያ ሊኖርባት ስለሚችል ከነካችኋት በኋላ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። በጅራቷ አንጠልጥሎ ማንሳትማ በፍጹም! የጀርባ አጥንቷን ይጎዳል።

ለማሳደግ ያሰባችሁ ደግሞ ይቺ ሚጢጢ ነገር አድጋ ከ10 ኪሎ በላይ ልትመዝንና ለአሥርት ዓመታት ልትኖር እንደምትችል ቀድማችሁ እወቁ። እኔ ትልቁን ገንዳ ከአሁኑ እየሠራሁላት ነው።