የውኃ ቅናሽ

ሚዛኑ 640 ግራም አለ። እኔ ደብተሬ ላይ 512 ብዬ ጻፍኩ። ከፊቴ የተቀመጡት ሸምገል ያሉ ቆፋሪ ፊደል ባይቆጥሩም ቁጥር ያውቃሉ። ጣታቸውን ደብተሩ ላይ አሳርፈው «ይኼስ የማን ነው?» አሉኝ።

«የእርስዎ ነው፣ አባቴ። ሃያ በመቶ የውኃ ቅናሽ አለ።»

«ድንጋዬ ደረቅ ነው፣ ልጄ።»

«ለሁሉም እንዲሁ ነው የምንቀንሰው።»

«ካላመንከኝ አንተው ዘንድ ይቆይ። ሲደርቅ መዝነህ ክፈለኝ።»

እንደማይሆን ነገርኳቸው። ብራቸውን ቆጥረው በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩና ተነሡ። በሩ ላይ ሲደርሱ ዘወር ብለው «ውኃውንስ ከእኔ ቀነስከው፤ ለማን ሰጠኸው?» አሉ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ።

ቦታው የደላንታዋ ከተማ ወገል ጤና፣ የአንዲት ቡና ቤት ጓዳ ነው። ያኔ ደሴ ላይ ቢሮ ላለው፣ ኦፓል የሚባለውን የጌጥ ድንጋይ ለሚነግድ ሰው እሠራ ነበር። በየአሥራ አምስት ቀኑ ወደ ደላንታ እወጣለሁ፤ ጥሬ ድንጋይ እመዝናለሁ፣ እከፍላለሁ፣ ከዚያ ቅጽ እሞላለሁ። ድንጋዩ ከደሴ አዲስ አበባ ይገባል፤ ከዚያ አብዛኛው ህንድ አገር፣ ጃይፑር ወደምትባለው የድንጋይ ቆራጮች ከተማ ይሄዳል። ቅጹን የላከው ግን ከጃይፑርም ወዲያ ያለ፣ ቀለበት የሚያሠራ የአውሮፓ ገዢ ነው።

የምጣኔ ሀብት ትብብርና ልማት ድርጅት፣ ኦኢሲዲ የሚባለው፣ በ2011 እ.ኤ.አ. ስለ ማዕድን ግዢ ኃላፊነት መመሪያ ካወጣ ወዲህ እንዲህ ያለ ወረቀት በዝቷል። መመሪያው በዝርዝር የሚያወራው ስለ ቆርቆሮ፣ ስለ ታንታለም፣ ስለ ተንግስተንና ስለ ወርቅ ነው፤ የጌጥ ድንጋይ ገዢዎችም ከዚያው ቀድተው የየራሳቸውን ጥያቄ አዘጋጁ። የእኛ ሁለት ገጽ ነበር። ታጣቂ ከድንጋዩ ገቢ ይካፈላል? አይካፈልም። ዕድሜው ከ18 በታች የሆነ ዋሻ ውስጥ ይሠራል? አይሠራም። ዋሻው ምሰሶ አለው? አለው። ይህን ሁሉ የምሞላው ቡናዬን ፉት እያልኩ ነው። ዋሻውን በዓይኔ አይቼው አላውቅም። ገደሉ ሩቅ ነው፣ ጫማዬም የከተማ ጫማ ነበር።

ስለ ውኃው ልናገር፤ ፈጠራ እንዳይመስል። የወሎ ኦፓል ውኃ ይጠጣል። ደርቆ ሳለ ወተት የመሰለው ድንጋይ ሲነከር እንደ መስታወት ይጠራል፣ አንዳንዱም ቀይና አረንጓዴ ብልጭታውን ይደብቃል፤ ሲደርቅ ይመልሰዋል። ውኃ በጠጣ ቁጥር ክብደቱ ይጨምራል። ሌሊቱን በጣሳ ውኃ ዘፍዝፎ የሚያመጣ ሻጭ አለ፤ እኔም ሦስት አራቴ ይዣለሁ። የውኃ ቅናሽ የሚባለው ነገር የተወለደው ከዚህ ነው። የእኚያ ቆፋሪ ድንጋይ ግን ላይኛው ፊቱ አቧራ ነበር።

ደሴ ስደርስ አሠሪዬ አዲስ አበባ ሄዶ ስለነበር ቢሮ አላገኘሁትም። ድንጋዩን ለብቻው በሰሐን አድርጌ መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኩት። ልቤ ክፉኛ ስለተነካ አልነበረም፤ እልክ ነው። ሽማግሌው እንደዋሹ ማየት ፈለግሁ። በስምንተኛው ቀን መዘንኩት፤ 629። ከ640 የጎደለው 11 ግራም ብቻ ነው። የከፈልነው ደግሞ ለ512። 117 ግራም ኦፓል በነፃ ቢሯችን ገብቷል ማለት ነው።

በዚያው ሌሎቹንም መመዘን ጀመርኩ። ከሁሉ የረጠበው፣ ተዘፍዝፎ እንደመጣ የምምልበት፣ ከ600 ወደ 548 ወረደ። አሥር በመቶ እንኳን አልሞላም። ሃያ የሚደርስ አንድም አላገኘሁ። አሠሪዬ ሲመለስ ደብተሩን አሳየሁት። አልተቆጣም። «ገበያው የሚሠራበት ነው፤ እኛ ብንተው ሌላው አይተውም» ብሎ ሻይ አዘዘልኝ።

በሚቀጥለው ጉዞ ሽማግሌውን ፈልጌ ዋሻዎትን ያሳዩኝ አልኳቸው። ጫማዬን አይተው ዝም አሉ፤ ከዚያ የልጃቸውን የላስቲክ ጫማ አመጡልኝ።

ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን ወደ መቅደላ ያስጎተቱት በዚህ በደላንታ በኩል ነው። ያንን ታሪክ ልጅ ሆኜ ስሰማ መድፉን ነበር የማስበው፤ ቁልቁለቱን ስጀምር ጎታቾቹን አሰብኩ። ከሜዳው ጫፍ ገደሉ ቁልቁል ይወርዳል። ኦፓሉ ያለው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት እሳተ ገሞራ በተፋው ዐለት መካከል፣ ውፍረቱ አንድ ሜትር በማይሞላ ንብርብር ውስጥ ነው። ከላይ ያ ሁሉ ዐለት ተጭኖታልና ከአናት ቆፍሮ አይደረስበትም። ስለዚህ ከገደሉ ወገብ ላይ ወደ ጎን ይገባሉ፤ በ2000 ዓ.ም. ገደማ ድንጋዩ ከታወቀ ጀምሮ እንዲሁ በዶማ፣ በመሮና በመዶሻ ንብርብሩን ተከትለው ነው የሚሄዱት።

አፉ ላይ ሁለት የባሕር ዛፍ ምሰሶዎች ቆመዋል። ጎንበስ ብለን ገባን፤ ከዚያ በእንብርክክ። ከሁለቱ ምሰሶዎች ወዲያ ምንም የለም። ጣራውን በመዳፌ ስነካው ስስ ቅርፊት ተላጠና አንገቴ ውስጥ ገባ። ሽማግሌው ግንባራቸው ላይ ያሰሩትን ባትሪ ወደ እኔ አዙረው «አትንካው» አሉ፤ ረጋ ብለው፣ የተኛ ሰው እንዳልቀሰቅስ የሚነግሩኝ ያህል።

ከውስጥ አፈር በማዳበሪያ ከረጢት እየጎተተ አንድ ልጅ መጣ። አሥራ ስድስት ቢሆነው ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ18 ዓመት በታች ያለ ወጣት ከመሬት በታች የማዕድን ሥራ ላይ እንዳይሰማራ ይከለክላል። ይህን አውቃለሁ፤ ቅጹ ላይ «አይሠራም» ብዬ የምሞላው ስለማውቀው ነው። ስወጣ የልጁንም የምሰሶውንም ነገር ለሽማግሌው ነገርኳቸው። ድምፄን አፈር ለብጦት ነበር፤ እያሳለኝ ነው የተናገርኩት።

«የወንድሜ ልጅ ነው፤ ከትምህርት ቤት መልስ ነው የሚያግዘኝ» አሉ። «ግንዱንም አውቃለሁ፤ አንተ ልትነግረኝ አይገባም። አንዱን ምሰሶ ከላይ እዚህ ድረስ የሚያወርድ ተሸካሚ ስንት እንደሚጠይቅ ታውቃለህ?» በጣታቸው ቆጠሩ። ያቺ በነፃ የገባችልን 117 ግራም ስምንት ምሰሶ ከነተሸካሚው ትገዛ ነበር። «አንተ ሃያዋን ተውልኝ፤ እኔም ልጁን ላውጣው፣ ምሰሶውንም ልትከል።»

የዚያን ቀን ቅጽ መጨረሻ ላይ «ሌላ አስተያየት» ከሚለው ሥር ስለ ሃያ በመቶው ጻፍኩ። አሠሪዬ ከመላኩ በፊት አነበበውና «ይኼ ቅጽ እኮ ስለ ሚዛን አይጠይቅም» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ሁለቱንም ገጽ ደግሜ አየሁ። ስለ ታጣቂ ይጠይቃል፣ ስለ ልጆች ይጠይቃል፤ ስለ ሚዛን አንድ መስመር የለበትም።

ብዙ ተከራክረን አንድ ነገር ተስማማን። ሰማንያ በመቶውን እዚያው እከፍላለሁ፣ በስምንተኛው ቀን ደሴ ላይ ደረቁን እመዝናለሁ፣ ቀሪውን በሚቀጥለው ጉዞ አደርሳለሁ። ያማረ ነገር ያደረግሁ መስሎኝ ነበር። አብዛኛው ቆፋሪ ግን አልወደደውም። ቤቱ የሚጠብቀው ሰው ለቀሪ ገንዘብ ሁለት ሳምንት አይታገሥም፤ ሃያውንም ቀንሶ ቢሆን ሒሳቡን አንዴ ወደሚዘጋለት ሚዛን ሄደ። እስከ መጨረሻው የጸኑት ሽማግሌው ብቻ ነበሩ። በአራተኛው ጉዞዬ ዋሻቸው ድረስ ወረድኩ፤ ምሰሶው ስድስት ደርሷል፣ ልጁም ገደሉ አፋፍ ላይ ተቀምጦ ድንጋይ ይለያል። ወዲያው አሠሪዬ አሠራሩን አስቀረው፤ እኔም ሥራውን ለቀቅሁ።

በ2016 ዓ.ም. ደላንታ ውስጥ የኦፓል ዋሻ ተደርምሶ ቆፋሪዎች እንደተቀበሩበት በዜና ስሰማ ስልካቸውን ደወልኩ። አይሠራም። በማግሥቱም አይሠራም። በሦስተኛው ቀን አነሡት።

«አለሁ፣ ልጄ። የእኔ አይደለም። ነፍሳቸውን ይማር እንጂ።» ስለ ልጁ ጠየቅኋቸው፤ ደኅና ነው አሉ። ስለ ቤተሰቤ ጠየቁኝ። ከዚያ ትንሽ ዝም ብለው «የመጨረሻዋ ቀሪዬስ?» አሉኝ።

አሮጌውን ደብተር ከሣጥን አውጥቼ ገለጥኩ። የመጨረሻው ገጽ ላይ በእጄ ጽሑፍ እንዲህ ይላል፦ እርጥብ 300፣ የተከፈለ 240፣ ደረቅ 291፣ ቀሪ 51 ግራም። ከጎኑ የፊርማ ቦታው ባዶ ነው።